ሼንያንግ ድረስ የላክሃቸው ሽማግሌዎች

ሼንያንግ፣ ቻይና
ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምናለ
ጎንደር፣ ቁስቋም

ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። እኔ ከንዴት በስተቀር ደኅና ነኝ። አንተስ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ፤ ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጤና ያስፈልግሃል።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና አፌን ስከፍት «አትጩኺ» ትለኛለህ፤ «አልጮህኩም» ብዬ ስጮህ ደግሞ መስመሩ ይቋረጣል። ኔትወርኩ ይሁን አንተ፣ የምታውቀው አንተ ነህ። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋም ብዬ ብዕር አነሣሁ። ይህን የሚያመጣልህ ወንዴ የሚባል የአዘዞ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ እየገባ ነው። እሱ ፊት እንዳትከፍተው። ምንም አያውቅም፤ ምሳ አብላውና ሸኘው።

ባለፈው «ለመድሽ ወይ? ተመቸሽ ወይ?» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። መጀመሪያ እንዴት እንደለመድኩ ልንገርህ። እንዴት እንዳደፈረስክብኝ ቀጥሎ ይመጣል።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጎንደር ላይ ተማሪዎቼ ሊያናግሩኝ ሲመጡ እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። እዚህ ግን ትናንት ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሱ ልጆች መሃል ተቀምጬ አፌን እከፍታለሁ፤ መምህርት ሊዩም ምላሴ የት ላይ እንዳረፈ ጎንበስ ብላ እያየች ታርመኛለች። ጠዋት በሁለት ሰዓት እንገባለን። ካፖርታችንን ሳናወልቅ ቃል ትጠራለች፣ እኛ እንጽፋለን። ከአንዱ ፊደል አንዲት ጭረት ከጎደለች፣ ወይም ያለ ቦታዋ ካረፈች በቀይ ታሰምርበታለች። እስከ ምሳ ተነሡ፣ አንብቡ፣ ድገሙ ነው። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ለየብቻ። ሲመሽ መንጋጋዬን ያመኛል። በክፍል ውስጥ ከቻይንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ ክልክል ስለሆነ የመጀመሪያውን ወር እንደ ዲዳ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። «ቋንቋ እኮ ነው፣ ምን ይከብዳል?» ብለኸኝ አልነበር? መጥተህ ሞክረው።

የረቡዕና የዓርቡን ጾም ደግሞ ልንገርህ። «ሥጋ የለበትም» ብለው የሚሰጡህ ጎመን በአሳማ ስብ የተጠበሰ ነው። ስለዚህ ከሰላምታ ቀጥሎ ያጠናሁት «ሥጋ አልበላም፣ እንቁላል አልበላም፣ ስብ እንዳይገባበት» የሚለውን ነው። የምግብ ቤቷ ሴትዮ መጀመሪያ የታመምኩ መስሏት ከንፈሯን መጠጠች። አሁን ግን ገና ከበር ስታየኝ ድንች በዘይት ትጥድልኛለች። ብርዱንም ተወው። እናንተ የዳባት ሰዎች በብርዳችሁ ስትኩራሩ እሰማ ነበር፤ እዚህ ብትመጣ የዳባትን ብርድ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። የቁስቋም ዕለት ያንተ ሰፈር በእልልታ ሲናወጥ እኔ እዚህ ጓንቴን አውልቄ መጻፍ አቅቶኝ ነበር።

ግን ለመድኩ፤ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን የማለዳው ጽሕፈቴ ያለ ቀይ መስመር ተመለሰልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሴቶች የአንዷን ምራት ሲያሟት ሰማሁና ገባኝ። ሐሜት የገባው ሰው ቋንቋ ገብቶታል። ወርጄ በእግሬ ስሄድ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ መንገደኛው ዞር ብሎ ያየኛል፣ እኔ ግድም አልሰጠኝ።

በዚያው ሳምንት መምህርት ሊዩን ከክፍል በኋላ ጠብቄ፣ ከመጽሐፍ ያላጠናሁትን ከራሴ አፍልቄ አንድ ነገር ጠየቅኋት። «ለዚህ የትምህርት ዕድል አንድ ጊዜ አመልክቶ ያልተሳካለት ሰው እንደገና ማመልከት ይችላል?» ነው ያልኳት። «ይችላል። ጥር ላይ ይከፈታል። ለማን ነው?» አለችኝ። «ለባሌ። ከእኔ ይበልጣል፤ ሰው ሲጠይቀው ይደነግጣል እንጂ» አልኳት። ድንጋጤን በቻይንኛ ስለማላውቀው ዓይኔን አፍጥጬ አሳየኋት፤ ሳቀች። ይህን የምሥራች እሑድ ደውዬ ልነግርህ ነበር። ምን ያህል እንደጓጓሁ አትጠይቀኝ። እሑድ ሽማግሌዎችህ መጡ።

ልብስ አጥቤ ባልዲዬን እንደያዝኩ አዪ ከታች ጠራችኝ። አዪ ማለት አክስት እንደማለት ነው፤ የሴቶቹን ማደሪያ በር የምትጠብቀዋን ሴትዮ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንላት። ወንድ ከእሷ ጠረጴዛ አያልፍም። ወርጄ ሳይ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ በጥቁር ካፖርታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል። እንግዲህ እሳቸውን ማን እንደሆኑ ለአንተ አልነግርህም፤ መምህርህ ነበሩ፣ እዚህ ዶክትሬታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የጎንደሩ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ይሆናሉ። እኔ ስመጣ አየር ማረፊያ ድረስ ወጥተው የተቀበሉኝ፣ የለበስኩትን ካፖርት ገበያ ወስደው የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው ዲያቆን ሐብተ ማርያም አለ፣ የግብርናው ተማሪ፣ ውዳሴ ማርያሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ። ሦስተኛው ሻሂድ የሚባል ፓኪስታናዊ ነው። ሽማግሌ ከሦስት አያንስም ብለው፣ በከተማው ሌላ ትዳር ያለው አበሻ ቢያጡ፣ የጋሼን የላቦራቶሪ ባልደረባ ይዘው መጡ! አማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም። «በእኛም አገር እንዲሁ ነው» ብሎ ነው አሉ የተነሣው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም፣ እውነቱን ልናገርና ከሦስቱ ሽማግሌ የሚመስለው እሱ ነበር።

አዪ ወንበር ደረደረችላቸው። አልተቀመጡም። «እንግዲህ ዓይናዲስ፣» አሉ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ «የቆምነው ለትዳርሽ ነው። እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«አጠፋሽ አላልንም። ምናለ ደውሎልኝ እንባ እየተናነቀው ነው ያነጋገረኝ። ቤቱ ባዶ ሆኖበታል፣ እናቱም ደክመዋል። ለገና ቤትሽ እንድትገቢ ነው የምንለምንሽ።»

«ፈተናው እኮ የገና ሳምንት ነው። ያልተፈተነ ይሰናበታል። መመለስ የለም።»

«እናውቃለን፤ አስበንበት ነው የመጣነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ግን እህቴ፣ ይህ ዕድል የማን ነበር? ለእሱ ደርሶት እኮ ነው ላንቺ የለቀቀልሽ። ስንት ወንድ እንዲህ ያደርጋል? የራሱን ጉርሻ ላንቺ ያጎረሰ ሸጋ ሰው፣ አንድ ጊዜ ነይ ቢልሽ ምነው?»

ባልዲው በእጄ ነበር ምናለ። ማን ላይ እንደምደፋው ነበር ያጣሁት፤ የሚደፋበት ሰው እዚያ አልነበረም።

እስቲ ሰኔን አብረን እናስታውስ። ሁለታችንም አመለከትን፣ ለቃለ መጠይቅም ቀረብን። ውጤቱ ሲመጣ የእኔ ስም ነበረበት፣ ያንተ አልነበረበትም። አለቀ፤ ሌላ ታሪክ የለውም። አንተ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኛህ፣ እኔም ደስታዬን ዋጥ አድርጌ አጠገብህ ተቀመጥኩ። መንገዱ ሲከፈት ዳባት እናትህ ዘንድ ወጣን። እማማ እንኳየሁ ገና ሳንቀመጥ «ለማናችሁ ደረሰ?» አሉ። አንተም «ለኔ ነበር የደረሰ፤ ለሷ ለቀቅሁላት» አልክ። ዓይንህን እንኳ አላሸህም። እናትህ እልልታቸውን ለቀቁት። ወደኔ ዞረው «ሸጋ አርጎልሻል ልጄ! ምነው ዝም አልሽ? አመስግኚው እንጂ!» አሉኝ። ፊትህን አየሁት። ያን ፊትህን ባላየው ኖሮ እዚያው እናገር ነበር። «አመሰግናለሁ» አልኩህ። አንተስ ምን ብለህ መለስክልኝ? «ምንም አይደል።»

ምንም አይደል! ይህቺ ቃል ከሰኔ ጀምሮ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተቀርቅራ አለች።

ለእናት የተነገረች፣ እዚያው ዳባት የምትቀር ውሸት መስላኝ ነበር። አንተ ግን ይዘሃት ወደ ጎንደር ወረድክ። በመምህራኑ ክበብ አወራሃት፣ በማኅበር አወራሃት። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘኝ ጓደኛህ አድማሴ ትከሻህን መታ መታ እያደረገ «አንተ ወንድ ነህ!» ሲልህ አንገትህን ሰበር አድርገህ ፈገግ አልክ፤ ትሕትና መሆኑ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ያንተ ውሸት እያደር ከብዶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ነጠላ ለብሶ በሬ ላይ ቆመ።

አዪ መሃላችን ገባች። «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ። እኔ የማውቀው ቻይንኛ ፖም መወደዱን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከወዴት በኩል እንደሆነ፣ ራሴን እንደሚያመኝ ነው፤ ሽምግልናን የሚያህል ነገር በዚያ ተነግሮ አያልቅም። «ባሌ ነው የላካቸው» አልኳት። ሦስቱንም ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ «ራሱ ለምን አልመጣም?» አለችኝ። ባልዲዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ዋሽቷችኋል ጋሼ» ብል ይበቃኝ ነበር። ሽማግሌን በውሸት ማቆም ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ አባትህ ደም ያደረቁ፣ አገር ያስታረቁ ሰው ነበሩ። ያን ቃል ባወጣው ሦስቱም ጫማቸውን አዙረው ይሄዱ ነበር። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስም ተመልሰው አለቃህ ሲሆኑ ቀና ብለው አያዩህም ነበር። እኔ ደግሞ ወደ ክፍሌ ወጥቼ ልብሴን አሰጣ ነበር።

«እውነት ነው ጋሼ፤ ለቆልኝ ነው» አልኩ። በገዛ አፌ።

ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። እናትህ በስተርጅና ልጃቸው ዋሾ ተብሎ እንዳይሰሙ ብዬ ነው። ደግሞ በሩ ክፍት ነበር፣ ብርዱ ይገባ ነበር፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ እንዳትፈልግለት።

እንዲያ ካልኩ በኋላማ ምን መከራከሪያ አለኝ? ውለታ የተዋለልኝ ሴት ሆኜ ቀረሁ። «እንግዲያው ለገና ግቢ» አሉኝ፤ «እሺ» አልኩ። ያን ጊዜ ተቀመጡ። መንደሪን ላጥኩላቸው፣ ከእጄ ቀመሱ። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ «ቤትሽን ያሙቀው፣ ልጅ ያሳቅፍሽ» ብለው መረቁኝ። ሻሂድ ሁለት እጁን ዘርግቶ በራሱ ቋንቋ ረዥም ጸሎት አደረሰ፤ ዲያቆኑ «አሜን» አለ። አዪ እንግዶቿ በመቀመጣቸው ደስ ብሏት ሙቅ ውኃ በብርጭቆ አመጣችላቸው። ከእኔ በቀር ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየ።

ሰኞ ጠዋት ጽሕፈቴ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኖ ተመለሰ። «ታመሻል?» አለችኝ መምህርት ሊዩ። «አልታመምኩም» አልኩ።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። መዋሸትህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ ችዬውም ነበር። ሰው ሲወድቅ ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ያገኘውን ይለብሳል። አንተ ግን የለበስከውን ገመድ አድርገህ እኔን ጎተትክበት። የወሰድከውን ዝምታዬን መልሰህ እኔኑ ከሰስክበት። ይህን ያደረገው ጠላቴ ቢሆን እስቅበት ነበር!

ደግሞ ምን ፍለጋ እንደመጣሁ ታውቃለህ። ጃናሞራ ለመስክ ሥራ ስንወጣ አብረን ነበርን። እነዚያ ሴቶች ገደሉን ወርደው፣ እንስራ አዝለው ሲወጡ አይተህ መንገድ ዳር ቁጭ አልክ። «ይህ ውኃ ወደነሱ የሚወጣበት ዘዴ አለ ዓይናዲስ፤ አገር ያወቀው ዘዴ ነው፣ እኛ ነን ያላወቅነው» ያልከኝ አንተ ነህ። ያን ቀን ነው ይህ ነገር የተጀመረው። ዘዴውን የሚያስተምሩት እዚህ ነው፣ የሚያስተምሩትም በቻይንኛ ነው፤ ስለዚህ አፌን ከፍቼ ምላሴን አሳያለሁ። ለገና ነይ ብለህ ከመንገድ የምትመልሰው እኔን ብቻ አይደለም፤ ያን ውኃም ነው።

ቤቱ ባዶ ሆነብህ? «ናፈቅሽኝ» በለኝ። አንዲት ቃል ናት። ከተጋባን ጀምሮ ከአፍህ ሰምቻት አላውቅም። ለእሷ ሦስት ሰው ማቆም አያስፈልግም ነበር፣ ያውም አንዱን ከፓኪስታን።

እንግዲህ የምታደርገውን ስማ። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ለጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ትደውላለህ። «ዕድሉ የእሷ ነበር፣ እኔ አልደረሰኝም፤ ሽማግሌዎቼን አንስቻለሁ» ትላቸዋለህ። ሽማግሌን የሚያነሣ የላከው ነው። እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ማጠፍ አልችልም። ለእናትህ አልናገርም ካልክ ተው፣ ያን እኔ እሸከመዋለሁ። ለአድማሴም ተው። ለጋሼ ግን በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ። ይቆጡሃል። ይዘልፉሃል። ቁጣቸው ደግሞ ክረምት አይሻገርም፣ ታውቃቸዋለህ። ከዚያ ጥር ላይ ታመለክታለህ፤ የቃለ መጠይቁንም ጥያቄ በየቀኑ በስልክ እያስፈራራሁ እኔ አለማምድሃለሁ።

ካልደወልክ እመጣለሁ። ፉከራ እንዳይመስልህ፤ ቃል የሰጠሁት ለሽማግሌ ነው። የገና ዋዜማ አዘዞ እወርዳለሁ። ዳባት ወጥቼ የእማማን ጉልበት እስማለሁ። ክፍሌ ተመልሼ አስተምራለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ዕድሉ የምናለ ነበር፣ እኔ አልሆነልኝም» እላለሁ። አንድም ቀን አላነሣብህም። በሰው ፊትም፣ በቁጣም፣ በቀልድም እንኳ አላነሣብህም። እራት ቀርቦ ማዶና ማዶ ተቀምጠን ወጡን አወጣልሃለሁ፣ «ብላ እንጂ» እልሃለሁ፣ እስክናረጅ። እኔ እችለዋለሁ። አንተ ግን አትችለውም፤ አውቅሃለሁ።

የነቢያት ጾም ዛሬ ገባ። ጾሙን የበረከት ያድርግልህ፣ ለእኔም ትዕግሥቱን፣ ላንተም ልቦናውን ይስጠን። ባዶ ሆድህን ሻይ ብቻ እየጠጣህ አትዋል። እማማ እንኳየሁን ሳምልኝ፤ ደከሙ ያልከው እውነት ከሆነ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው እንጂ ሰበብ አታድርጋቸው።

ለጋሼ ከደወልክ በኋላ ለእኔ ደውል። ክፍል ውስጥ ስልክ ክፍት አድርጎ የተገኘ ይባረራል፤ መምህርት ሊዩ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ወንዴ ጎንደር ከሚገባበት ቀን ጀምሮ የእኔ ስልክ ክፍት ነው።

ሚስትህ
ዓይናዲስ